ወላጁ የጫነውን ልጁ እንዴት ያግኘው? በድር መተግበሪያ ራውቶች መካከል መረጃ ለመጋራት የትኛው መንገድ ይሻላል

የዕቁብ መዝገብ የሚይዝ አንድ የድር መተግበሪያ አለን እንበል። «/ዕቁብ/42» የሚለው አድራሻ ሲከፈት የዕቁቡ ስም፣ የወር መዋጮው፣ የአባላቱ ብዛትና የዳኛው ስም በገጹ አናት ላይ ይወጣሉ። ከሥራቸው አባላት፣ ክፍያ እና ዕጣ የሚሉ ሦስት ትሮች ተደርድረዋል። አንዱ ሲነካ አድራሻው ለምሳሌ ወደ «/ዕቁብ/42/ዕጣ» ይለወጣል፤ አናቱ ሳይነቃነቅ የታችኛው ክፍል ብቻ ይቀየራል። ራውት ማለት ለአንድ አድራሻ የሚሳለው የገጽ ክፍል ነው። አናቱን የያዘው ወላጅ ራውት ነው፤ ሦስቱ ትሮች ልጆቹ ናቸው።

የዕጣው ገጽ ለባለ ዕጣው የሚደርሰውን ገንዘብ ማሳየት አለበት። ለዚህም የወር መዋጮውና የአባላቱ ብዛት ያስፈልጉታል። ሁለቱንም ወላጁ አምጥቷቸዋል፤ ከስክሪኑ ላይ ሦስት ጣት ከፍ ብለው ተጽፈዋል። ልጁ ግን አያውቃቸውም። ከወላጁ ይቀበል? ወላጁ እስኪጨርስ ይጠብቅ? ወይስ ዳታቤዙን እንደ አዲስ ይጠይቅ?

ሦስቱም ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አላቸው፤ ሦስቱም ያለ ቦታቸው ሲገቡ ያስከፍላሉ። እዚህ የምመዝናቸው በዋናነት ሪአክት ራውተር በሚባለው ማዕቀፍ (አድራሻን ከገጽ ጋር የሚያገናኝ ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው፤ በየቀኑ የምሠራበት እሱ ነውና። ስቬልትኪትን፣ ታንስታክ ራውተርንና ኔክስት ጄኤስን ወደ ኋላ ላይ እመጣባቸዋለሁ።

## የሚፈልገው ስክሪኑ ነው ወይስ ሎደሩ?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ መሣሪያ መምረጥ ሐኪሙ ሳያየው መድኃኒት እንደ መግዛት ነው። «ልጁ የወላጁን መረጃ ይፈልጋል» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው፣ የልጁ ኮምፖነንት (ገጹን የሚስለው ኮድ) ስክሪን ላይ ሲሳል ቁጥሩን ማሳየት ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ የልጁ ሎደር (ገጹ ከመሳሉ በፊት መረጃውን የሚያመጣው ተግባር) ገና ዳታቤዙን ሳይጠይቅ፣ ጥያቄውን ለማዘጋጀት የወላጁን ውጤት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ኮምፖነንቱ በሚሳልበት ሰዓት የሁሉም ሎደሮች ሥራ አብቅቷልና የወላጁ መረጃ እጅ ላይ አለ። ሁለተኛው ግን ከማዕቀፉ ባሕርይ ጋር ይጋጫል።

ሪአክት ራውተር ከ6.4 እትሙ፣ ማለትም ከመስከረም 2022 ጀምሮ፣ ለእያንዳንዱ ራውት ሎደር የሚባል ተግባር ፈቅዷል። ሐሳቡ የመጣው ሪሚክስ ከሚባለው ማዕቀፍ ነው፤ ሁለቱ ፕሮጀክቶች በኅዳር 2024 በወጣው 7ኛው እትም አንድ ሆነዋል። አድራሻው ከወላጅና ከልጅ ጋር ሲገጥም ሁለቱም ሎደሮች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ልጁ ሲጀምር ወላጁም ገና መጀመሩ ነው፤ ስለዚህ የሚሰጠው ነገር የለውም። ይህ የተረሳ ነገር አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው።

ኤምበር ከሚባለው ሌላ ማዕቀፍ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ኤምበር ውስጥ ሞዴሎቹ፣ ማለትም የየራውቱ መረጃ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በተራ ስለሚጫኑ፣ ልጁ «ሞዴልፎር» ብሎ የወላጁን መረጃ ይወስዳል። ራውትን በራውት ውስጥ የማቀፍ ሐሳብ ወደ ሪአክት ራውተር የመጣው ከዚያው ከኤምበር ነበር፤ ተራ መጠበቁ ግን አብሮ አልመጣም። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

ወላጁ 150 ሚሊ ሰከንድ፣ ልጁ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃሉ እንበል። አብረው ከሮጡ ተጠቃሚው የሚጠብቀው 250 ነው። በተራ ከሮጡ 400 ይሆናል። ከዕጣው ሥር ደግሞ የዙሩ ዝርዝር የሚባል የልጅ ልጅ ቢኖርና 200 ቢጨምር፣ አብሮ ሲሆን ያው 250 ላይ ይቆማል፤ በተራ ሲሆን 600 ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ሎደሮቹ ከዳታቤዙ አጠገብ፣ ሰርቨር ላይ ሲሠሩ ነው። ሎደሮቹ ብራውዘር ውስጥ የሚሮጡ ከሆነ፣ ሰርቨሩ አውሮፓ ተቀምጦ ተጠቃሚው ከባሕር ዳር በሞባይል ኢንተርኔት ሲከፍተው፣ በእያንዳንዱ ተራ ላይ የመሄጃና የመመለሻ ጊዜ ይደመራል። የብራውዘሩን የኔትወርክ ሰሌዳ ቢከፍቱ አሞሌዎቹ እንደ ደረጃ አንዱ ካለቀበት ሌላው ሲጀምር ይታያሉ። አሞሌዎቹ እኩል ከግራ ተነስተው ከሆነ ጤና ነው፤ ደረጃ ከሠሩ አንድ ቦታ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው።

## ስክሪኑ ከሆነ የፈለገው

እዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ «ዩዝራውትሎደርዳታ» ነው፤ ለወላጁ ራውት መለያ ስም ይሰጠዋል፣ ልጁ በዚያ ስም ጠርቶ ወላጁ የጫነውን ያነባል። ሌላው «ዩዝአውትሌትኮንቴክስት» ነው፤ ወላጁ ልጁ በሚሳልበት ቦታ፣ አውትሌት በሚባለው መስኮት፣ እቃውን ያቀብላል፣ ልጁም ይቀበላል።

በመጀመሪያ እይታ ሁለተኛው ይማርካል። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት የተገናኙ ይመስላል። ግን የሚያልፈው አንድ እርከን ብቻ ነው። መካከል ላይ የራሱ አውትሌት ያለው ሌላ ራውት ከገባ፣ እሱም በተራው ካላቀበለ፣ የልጅ ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል። ዛሬ የሚሠራ ገጽ በመካከሉ አንድ ማቀፊያ (ሌሎች ገጾችን የሚያቅፍ ራውት) ስለተጨመረ ብቻ ነገ ይሰበራል፤ የጨመረው ሰው ደግሞ የተሰበረውን ፋይል ከፍቶ አያውቅም። የመረጃ ዓይነቶችን የሚቆጣጠረው ቋንቋ፣ የታይፕስክሪፕት ነገርም አለ፦ በኮንቴክስቱ የሚመጣው ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግረው ልጁ ራሱ ነው፣ ማንም አያረጋግጥለትም። ወላጁ የአንዱን መስክ ስም ቢቀይር ልጁ በድሮው ስም መጥራቱን ይቀጥላል፤ ማጠናቀሪያውም ዝም ይላል።

«ዩዝራውትሎደርዳታ» እርከን አይቆጥርም። ወላጅም ሆነ አያት፣ በስሙ ከተጠራ ይሰጣል። ዓይነቱንም ከወላጁ ሎደር መውሰድ ይቻላል። የሚጠይቀው አንድ ጥንቃቄ ነው፦ ወላጁ ካልተጫነ ወይም ሎደሩ ከወደቀ የሚመልሰው ባዶ ነው፣ ያንን ማስተናገድ ያስፈልጋል። በስህተት ማሳያ ገጽ ላይ ይህ ጸባይ እንዲያውም ጥቅም ነው። ልጁ ወድቆ ወላጁ ቢሳካ፣ የስህተቱ ገጽ ቢያንስ የዕቁቡን ስም ጽፎ «የዕጣው ዝርዝር አልተጫነም» ማለት ይችላል።

ስለዚህ ለተጫነ መረጃ «ዩዝራውትሎደርዳታ»ን እመርጣለሁ። አውትሌት ኮንቴክስትን የማስቀምጠው ከሎደር ላልመጣ፣ ወላጁ ኮምፖነንት ውስጥ ለሚኖር ነገር ነው። አናቱ ላይ ያለው የአባል መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ቃል፣ የተመረጠው ወር፣ ወይም ወላጁ ውስጥ ያለን መስኮት የሚከፍት ተግባር። እነዚህን ሎደር አያውቃቸውም፤ ማቀበል የሚችለው ወላጁ ኮምፖነንት ብቻ ነው።

ልጁ ያንኑ ቁጥር በራሱ ሎደር ደግሞ አምጥቶ እንዲያሳይ ማድረግስ? ለስክሪን ከሆነ አልመክርም፤ ምክንያቴ ፍጥነት አይደለም። ሁለት ጥያቄዎች በሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች ዳታቤዙን ያያሉ። በመካከላቸው አንድ አባል ከተመዘገበ አናቱ 29፣ የዕጣው ገጽ 30 ይላል። የገንዘብ መተግበሪያ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ያየ ሰው ሌላውንም ቁጥር መጠርጠር ይጀምራል።

## ሎደሩ ከሆነ የፈለገው

መጀመሪያ፣ እውነት ይፈልገዋል? ብዙ ጊዜ ሲመረመር አይፈልገውም። የዕጣው ሎደር የዕቁቡን መለያ ይፈልጋል፤ 42 ግን አድራሻው ላይ ተጽፏል፣ ወላጁን መጠየቅ አያሻውም። ዕቁቡ ሳምንታዊ ይሁን ወርሃዊ ማወቅ ካለበት፣ ያልደረሳቸውን አባላት በሚያወጣው በዚያው የዳታቤዝ ጥያቄ ውስጥ የዕቁቡን ሠንጠረዥ ማጣመር ይችላል። ወላጁን እንጠብቅ ከተባሉት ሎደሮች ውስጥ አብዛኞቹ የሚፈቱት እዚህ ላይ ነው።

የማይፈታ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ምርጫ ሳያፍሩ ደግሞ መጠየቅ ነው። ፕሮግራመሮች አንድን ነገር ሁለቴ መጠየቅ እንደ ነውር እናያለን። በዋና ቁልፍ የሚፈለግ አንድ ረድፍ ለዳታቤዝ ቀላል ሥራ ነው፤ እሱን ለማዳን ብሎ ልጁን 150 ሚሊ ሰከንድ ማስጠበቅ ሳንቲም ለማትረፍ ብር መጣል ነው። የመረጃው ምንጭ ሌላ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፦ በጥሪ የሚያስከፍል የውጭ አገልግሎት፣ ወይም መልሱ ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ የክፍያ ዝርዝር ከሆነ ሁለቴ አይጠየቅም።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ሚድልዌር። በሪአክት ራውተር የተረጋጋው በ2025 በወጣው 7.9 እትም ነው፤ በ7ኛው እትም ማዕቀፍ ላይ ለመጠቀም በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ማብራት ያስፈልጋል። ሚድልዌሮች ከሎደሮች በፊት፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በተራ ይሮጣሉ፤ ያገኙትን ነገር ሁሉም ሎደሮች በሚደርሳቸው አንድ ኮንቴክስት ውስጥ ያስቀምጣሉ። የወላጁ ሚድልዌር «ይህ ሰው ማን ነው፣ በዚህ ዕቁብ ውስጥስ ድርሻው ምንድን ነው» የሚለውን አንድ ጊዜ ያጣራል፤ ወላጁም ልጆቹም መልሱን ከኮንቴክስቱ ያነባሉ፤ ሎደሮቹ ግን ዛሬም አብረው ይነሳሉ።

ታዲያ ሚድልዌር ውስጥ የሚገባው ነገር ሁሉ በራሱ ተራ የሚያስጠብቅ መሆኑን አይርሱ። የተጠቃሚ ማንነት ይግባ፤ የ30 አባላት የክፍያ ታሪክ አይግባ። ሌላም ሰው የሚሰናከልበት ድንጋይ አለ። የሰርቨር ሚድልዌር የሚሮጠው ለሰርቨሩ ጥያቄ ሲደርሰው ነው። ተጠቃሚው ገጹ ውስጥ ሆኖ ወደ ሌላ ትር ሲያልፍ፣ በዚያ መንገድ ላይ ሎደር ያለው ራውት ከሌለ፣ ወደ ሰርቨር የሚሄድ ጥያቄ የለም፤ ሚድልዌሩም አይነሳም። ጥበቃ ሊያደርጉበት ከሆነ ባዶም ቢሆን ሎደር ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አራተኛው መንገድ የጋራ ካሽ (የመጣን መረጃ ለድጋሚ ጥቅም የሚይዝ ማከማቻ) ነው፣ በተለይ ሎደሮቹ ብራውዘር ውስጥ ሲሮጡ። እንዲህ ዓይነት ካሽ የሚሰጠውን ታንስታክ ኩዌሪን የሚጠቀም ሰው ወላጁም ልጁም በአንድ ቁልፍ፣ ለምሳሌ «ዕቁብ፣ 42» ብለው፣ «ኢንሹርኩዌሪዳታ»ን እንዲጠሩ ያደርጋል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢጠሩም ወደ ሰርቨር የሚሄደው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መልስ ይጋራል። ማን ወላጅ ማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም፤ ራውቶቹ ቢሸጋሸጉም አይሰበርም። ዋጋው፣ መረጃው አሁን ሁለት አስተዳዳሪዎች አሉት፦ ራውተሩ ለማደስ የራሱ ደንብ አለው፣ ካሹም የራሱ። አንዱ አድሱ ሲል ሌላው «ያለኝ ይበቃል» ሊል ይችላል። ሰርቨር ላይ ደግሞ ካሹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መሆን አለበት። ሁሉም ተጠቃሚ የሚጋራው አንድ ካሽ ከተቀመጠ የአንዱ መረጃ ሌላው ስክሪን ላይ ይወጣል።

ትንሽ መተግበሪያ ላይ ይህን ካሽ አልጨምርም። ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ የሚከፈቱበት፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሱበት ትልቅ ሥራ ላይ ግን ዋጋውን ይመልሳል።

## መረጃው ሲያረጅ

ማጋራት ሲነሳ ስለ መጀመሪያው ጭነት ብቻ ይወራል። እኔን የጎዳኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከላይ እንደገለጽኩት ዓይነት የዕቁብ መዝገብ ሠርቼ ነበር። ሪአክት ራውተር አንድ አክሽን፣ ለምሳሌ አባል የሚመዘግበው ቅጽ፣ ሲሳካ በገጹ ላይ ያሉትን ሎደሮች በሙሉ ደግሞ ያስሮጣል። ልጁ አዲስ አባል ሲጨምር የወላጁ ቁጥር በራሱ ይታደሳል ማለት ነው። ያኔ ግን የኔትወርክ ሰሌዳውን እያየሁ «አናቱ ለምን ደጋግሞ ይጫናል» አልኩና በወላጁ ላይ ሎደሩ ደግሞ ይሩጥ ወይስ አይሩጥ የሚለውን የሚወስነውን «ሹድሪቫሊዴት» ሐሰት አድርጌ ዘጋሁት። ገጹ ፈጠነ፤ ደስ አለኝ።

የዕቁቡ ጸሐፊ አሥራ ሦስተኛውን አባል መዘገቡ። ከሥር ዝርዝሩ ላይ ስሙ ገባ፤ አናቱ ላይ ግን «12 አባላት» እንዳለ ቀረ። ጸሐፊው ዓይናቸው ያረፈው አናቱ ላይ ነበርና አልተመዘገበም ብለው ደግመው መዘገቡት። ፕሮግራሙ ድግግሞሹን አልከለከለም፤ ምክንያቱም በዕቁብ አንድ ሰው ሁለት ዕጣ መያዝ ይችላል፣ እኔም ያንን አስቤ ፈቅጄዋለሁ። ሰውየው ሳያውቀው የሁለት ዕጣ ባለቤት ሆነ፤ በወሩ መጨረሻም የሁለት ሰው መዋጮ ተጠየቀ። ስልክ ተደወለልኝ። ያጠፋሁት መስመር አንድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማደስን በጭፍን አልዘጋም። መዝጋት ካስፈለገ «ይህ አክሽን የአባላትን ሠንጠረዥ ካልነካ ብቻ» በሚል ሁኔታ እዘጋዋለሁ። የማዕቀፉንም ጸባይ ማወቅ ያስፈልጋል፦ ሎደሮቹ ብራውዘር ውስጥ ሲሮጡ ከአባላት ወደ ዕጣ መሻገር ብቻውን ወላጁን አያስነሳውም፣ 42 አልተቀየረምና። ሎደሮቹ ሰርቨር ላይ ባሉበት ሙሉ ማዕቀፍ ግን ካልከለከሉት በቀር ወላጁም አብሮ ይጠየቃል። ከአንዱ አሠራር ወደ ሌላው የተዛወረ መተግበሪያ ኮዱ ሳይነካ ጸባዩ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

## ሌሎቹ ማዕቀፎች ምን መረጡ?

ስቬልትኪት ሁለቱንም በር ከፍቷል። የማቀፊያው ሎድ (እዚያ ሎደር የሚባለው ይህ ነው) የመለሰው መረጃ ከገጹ መረጃ ጋር ተዋሕዶ ለገጹ ይደርሳል፤ ስክሪኑ ምንም ሳይጠይቅ አገኘ። አንድ ስም ሁለቱም ከመለሱ የልጁ ያሸንፋል። ሎዱ የወላጁን ከፈለገ ደግሞ «ፓረንት» የሚለውን ተግባር ጠርቶ ይጠብቃል። ይህ ምቹ ነው፤ አደጋውም ምቾቱ ነው። ብዙ ኮድ ላይ የማየው ስህተት «ፓረንት»ን የመጀመሪያው መስመር ላይ መጠበቅ ነው። ከወላጁ ጋር የማይያያዘውን ጥያቄ መጀመሪያ ያስነሱ፤ ከዚያ ወላጁን ይጠብቁ፤ በመጨረሻ የራስዎን መልስ ይሰብስቡ። የሦስት መስመር ቅደም ተከተል መቀየር ብቻ ደረጃውን ሜዳ ያደርገዋል።

ታንስታክ ራውተር ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። «ቢፎርሎድ» የሚባለው ክፍል ከወላጅ ወደ ልጅ በተራ ይሮጣል፣ የመለሰውም ወደ ልጆቹ ኮንቴክስት ይጨመራል፤ ሎደሮቹ ከዚያ በኋላ አብረው ይነሳሉ። ከሪአክት ራውተር ሚድልዌር ጋር በሐሳብ ይቀራረባል፣ ዓይነቶችን በመከታተል ግን ከሁሉም የጠበቀ ነው። ከባድ ነገር «ቢፎርሎድ» ውስጥ የከተተ ሰው ልጆቹን ሁሉ በር ላይ ያቆማል።

ኔክስት ጄኤስ በአፕ ራውተሩ ሦስተኛ መንገድ ያዘ፦ ማቀፊያው ለገጹ መረጃ ማቀበል አይችልም፣ ተከልክሏል። በምትኩ ሁለቱም ዕቁቡን የሚያመጣውን አንድ ተግባር ይጠራሉ፤ ተግባሩ በሪአክት «ካሽ» ከተጠቀለለ በአንድ የሰርቨር ጥያቄ ውስጥ ዳታቤዙ የሚነካው አንድ ጊዜ ነው። «ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው» የሚለውን ስሜት ማዕቀፉ ራሱ የሻረው እዚህ ነው፤ እኔም አሠራሩን ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ አገኘዋለሁ። አንጉላር በአንጻሩ ወደ ኤምበር ያደላል። የወላጅ ሪዞልቨር (የአንጉላር ሎደር) ውጤት ልጁ ላይ በቀጥታ እንዲወርድ ከፈለጉ የመለኪያ ውርስ ስልቱን «ሁልጊዜ» ማድረግ ይበቃል።

## በወላጅ ላይ የተንጠለጠለ ፈቃድ

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ማዕቀፍ ከወላጅ አይወረስም፣ ፈቃድ። «ወላጁ አባል መሆኑን አጣርቷል፣ ልጁ ለምን ይደግማል» የሚለው አነጋገር ትክክል ይመስላል። ሎደሮች አብረው በሚነሱበት ማዕቀፍ ወላጁ «አይገባም» ከማለቱ በፊት የልጁ ጥያቄ ዳታቤዙ ጋ ደርሷል። ስቬልትኪት ላይ የማቀፊያው ሎድ የተደገፈበት ነገር ካልተለወጠ፣ ከትር ወደ ትር ሲኬድ ደግሞ አይሮጥም፤ ኔክስት ላይም ማቀፊያው በሽግግር ጊዜ እንደገና አይሳልም። ሪአክት ራውተር ላይ ደግሞ ከብራውዘሩ የሚመጣው ጥያቄ የአንድን ራውት መረጃ ብቻ ለይቶ መጠየቅ ይችላል፤ ወላጁ ያን ጊዜ ጭራሽ አይነሳም።

ማጣሪያውን የማስቀምጠው ዳታቤዙን የሚያነበው ተግባር ውስጥ ነው። ክፍያዎችን የሚያመጣው ተግባር የዕቁቡን መለያ ብቻ ሳይሆን የጠያቂውንም መለያ ይቀበል፤ ጠያቂው አባል ካልሆነ አንድም ረድፍ አይመልስ። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ ተነሳ፣ ማን ማንን ጠበቀ የሚለው የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ይሆናል።

ለማረጋገጥ ሁለት መለያ ያዘጋጁ፤ አንዱ የዕቁብ 42 አባል፣ ሌላው ያልሆነ። በአባሉ መለያ የክፍያውን ትር ይክፈቱና ብራውዘሩ ለልጁ ራውት የላከውን ጥያቄ ከኔትወርክ ሰሌዳው ላይ ይቅዱ። ያንኑ ጥያቄ በሌላኛው መለያ ኩኪ መልሰው ይላኩት። ስክሪኑን አይመልከቱ፤ ስክሪኑ መግቢያ ገጹን እያሳየም መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። የተመለሰውን ጽሑፍ ራሱን ያንብቡ፤ በውስጡ የአንድ ሰው ስምና የከፈለው ብር ካለ፣ ወላጁ በሩ ላይ ቆሞ ልጁ በመስኮት እያቀበለ ነው።